ከመቅጃው እስከ ማጠቢያው

ታዲዮስን ለገደለው ሰው አንድ ምት አልበቃውም። ግራ ቅንድቡ ላይ ያረፈው የመጀመሪያው ድንጋይ ለሞት በቂ ነበር፤ የቀሩት በወደቀ ሰው ላይ የወረዱ ናቸው። መንጋጋው ደቅቆ፣ አንድ ዓይኑ ፈስሶ፣ ከልብስ ማጠቢያው ድንጋዮች በታች ግማሽ አካሉ ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ ተገኘ። ያገኙት ሌሊቱን ማኅሌት ቆመው የሚመለሱት መሪጌታ መርስዔ ኃዘን ነበሩ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸውና ሬሳውን ማውጣት ቢያቅታቸው ነጠላቸውን ፊቱ ላይ ጣል አድርገው ሰው ለመጥራት ዳገቱን ወጡ።

ታዲዮስ ከደብረ ብርሃን የመጣ የውሃ ጥራት ባለሙያ ነበር። ከሞላሌ ወረድ ብላ በምትገኘው ድንጋይ ጎራ የልጆች ተቅማጥ በርትቶ ሁለት ሕፃናት ስለሞቱ፣ ባክቴሪያው ከየት ወደ ውሃው እንደሚገባ እንዲያጣራ ነው የተላከው። የመንደሩ ሰው ግን መልሱን ከእሱ በፊት ይዞት ነበር፦ የፈንታ በጎች። የፈንታ በረት ከምንጩ በላይ ዳገቱ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማስረጃ ምን ያደርጋል?

ኢንስፔክተር ጽናት ማዕረግ ከሚባለው ኮንስታብሏ ጋር ስትደርስ ሬሳውን የሚጠብቁት መሪጌታ ብቻ ነበሩ። ሌላው ሰው የፈንታን ቤት ከቦ ድንጋይ ያዘንባል። ፈንታ ተጎትቶ ወጥቷል፤ ቀኝ ክንዱ በማይታጠፍበት በኩል ታጥፏል፣ ከአፉ ደም ይንጠባጠባል፣ ሚስቱ ደብሪቱ ላዩ ላይ ተደፍታ ዱላውን በጀርባዋ ትቀበላለች። ከፊት ሆኖ የሚያዘው የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ አፈወርቅ ነበር። ከሞቱት ሕፃናት አንዷ የእሱ ልጅ ናትና ማንም «ተው» ሊለው አልደፈረም። ማዕረግ ወደ ሰማይ ተኮሰ፤ ዱላው ቆመ።

ጽናት የዓለም ከተማ ልጅ ናት፤ ጉልበቷ ታማሚ ቢሆንም ምላሷ ጤነኛ ነው። እያነከሰች መሃላቸው ገባች።

«ይህን ሰው ከገደላችሁት ነገ የማስረው ገዳይ ሳይሆን መንደር ነው» አለች።

«ባለሙያው በጎቹን ሊያስነሳ ነበር፤ ለዚህ ነው የገደለው» አለ አፈወርቅ ከበግ ፀጉር የተሸመነ ጥቁር ባናውን ትከሻው ላይ እየመለሰ። «እስከ ነገ ረፋድ እንጠብቅዎታለን። ከዚያ ወዲያ በጎቹም እሱም የእኛ ናቸው።»

ከሞላሌ የሚጨመር ፖሊስ እንደሌለ እሷም እነሱም ያውቃሉ። ለፈንታ ሕይወት የቀረው ጊዜ ያ ብቻ ነበር።

ጽናት ከሬሳው ጀመረች። የታዲዮስ ጣቶች፣ ውሃ የነካቸው ሁሉ፣ ደማቅ አረንጓዴ ሆነዋል። ከዚያ ወንዙን ይዛ ወደ ላይ ወጣች። በድንጋይ ጎራ ውሃ ደረጃ አለው። ከሁሉም በላይ ምንጩ ሥር መቅጃው፣ ከእሱ በታች የከብት ማጠጫው፣ መጨረሻ ላይ ልብስ ማጠቢያው ይገኛል። ሕፃን እንኳ ከመቅጃው እግሩን አይነክርም፤ ከነከረ ጎረቤት ይገርፈዋል፣ እናቱም ጎረቤቷን ታመሰግናለች።

ከመቅጃው አጠገብ አንድ ቁራጭ ሣር ተነቅሎ የተመለሰ ይመስላል። ማዕረግ በጫማው ገልበጥ ሲያደርገው ከሥሩ ያለው አፈር በደም ጠቁሯል። በአካባቢው ቀይ ቡኒ ዱቄት ተበትኗል፤ ዱቄቱ የነበረበት ከረጢት ተቀዶ ወድቋል። ከዚያ የተነሳ የመጎተት ዱካ ከምንጩ ሥር ያለውን ጥልቅ ኩሬ አልፎ፣ ማጠጫውንም አልፎ እስከ ማጠቢያው ይወርዳል።

«እዚህ ኩሬ ውስጥ ቢከተው ኖሮ ለወር አናገኘውም ነበር» አለ ማዕረግ።

«እኔንም የከነከነኝ እሱ ነው። ሊነጋበት ነው፤ ሬሳ ይጎትታል፤ መደበቂያውን አልፎ ሰው ሁሉ ወደሚያየው ቦታ ይወርዳል። ለምን?»

«ደንግጦ ይሆናል።»

«የደነገጠ ሰው ሣር መልሶ አይተክልም።»

መጀመሪያ ያነጋገረችው አቶ ዓምደ ሚካኤልን ነበር፤ ከመንገዱ ዳር ባለ ፎቅ ማረፊያ ቤት ያለው ሰው ነው። የማረፊያው ፍሳሽ በቱቦ ወንዙ ውስጥ ስለሚገባ ከታዲዮስ ጋር ሰው ፊት ተሰዳድቧል፤ «እግርህን እሰብረዋለሁ» ማለቱንም አልካደም። ቱቦው የሚገባው ግን ከማጠቢያው በታች ነው። ውሃ ደግሞ ሽቅብ አይፈስም። የታሸገ ውሃ ከፍቶ ሲያቀርብላት እሱ ራሱ ከምንጩ ይጠጣ እንደሆነ ጠየቀችው።

«እኔ? አፌንም አልጉመጠመጥበት» አለና ሳቀ።

ፈንታን ያገኘችው ጤና ኬላ ነው። ክንዱ በእንጨት ታስሮ ጥርሱን ነክሶ ይመልስላታል። እሱም በታዲዮስ ላይ ዝቷል። በጎቹ ግን ገብስ ከታጨደ ጀምሮ ቃርሚያ ላይ ናቸው፤ ከጋራው ማዶ።

«ከመቅጃው እንዳንደርስ ከኅዳር ወዲህ ከልክለውናል» አለ። «ደብሪቱ ከማዶ ነው የምትቀዳ። እኔ ከዚያ ምንጭ ጠብታ ውሃ አልቀመስኩም፣ እመቤቴ። በጎቼ ናቸው ልጆቹን የፈጁ ይሉኛል። እኔስ ልጅ የለኝም?»

አፈወርቅ ቤቱ ተቀምጦ ነበር፤ ያንኑ ጥቁር ባና ለብሶ። በታኅሣሥ ውርጭ የበግ ፀጉር ልብስ ከታጠበ ሰንብቶ ነው የሚደርቀው፤ ለዚህ ማንም አያጥበውም። ሚስቱ ጌታነሽ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ስለ ልጁ ሲጠየቅ ፊቱን አዞረ፤ ስለ ሥራው ሲጠየቅ ግን ቀና አለ። በቀበሌው ጥልቅ ሽንት ቤት ቀድሞ የቆፈረው እሱ ነው፤ ሰው እየመጣ ጎብኝቶለታል፣ ሞዴል ቤተሰብ ተብሎ ተሸልሞበታል። ጽናትን ወደ ጓሮ ወስዶ አሳያት። ከሥር፣ ዳገቱ እግር ላይ፣ መቅጃው ይታያል።

«የሌላው ሰው በሁለት ዓመት ሞልቶ ይዘጋል» አላት። «የእኔ ግን ስንጥቅ ያለው ዓለት እስኪገኝ ተቆፍሯል። እስካሁን ሞልቶ አያውቅም።»

«ጎበዝ ነዎት» አለችው ጽናት። ዓይኗ ከጉድጓዱ ተነስቶ ዳገቱን እስከ መቅጃው ወረደ።

ደብረ ብርሃን ላቦራቶሪ ለምትሠራው ለታዲዮስ ባልደረባ ለሲሀም ደወለች። ሲሀም እያለቀሰች አስረዳቻት። ታዲዮስ ከክረምት ጀምሮ ከወንዙ እየቀዳ ይልክላት ነበር። በጎች የሚጥሉት በጠጥ ወደ ወንዝ የሚገባው በዝናብ ታጥቦ ነውና ዝናቡ ሲያቆም ባክቴሪያው መቀነስ ነበረበት። የድንጋይ ጎራ ምንጭ ግን በደረቁ ወር ባሰበት፤ ውሃው እያነሰ የሚገባው ቆሻሻ ያው ስለሆነ። ሲመረመርም ከሰው አንጀት የሚወጣ ዓይነት ሆነ። ታዲዮስ የእያንዳንዱን መነሻ ድርሻ በኮምፒውተር አሰላ፤ የበጎቹ ኢምንት ነበር። የቀረው በማቅለሚያ ማረጋገጥ ብቻ ነው፤ ሲደርቅ ቀይ ቡኒ፣ ውሃ ሲነካው አረንጓዴ የሚሆን ዱቄት። በመጨረሻ ሲሀም ታዲዮስ የነገራትን አንድ ነገር ጨመረችላት፤ ጽናት ስልኩን ዘግታ ከመቅጃው ባነሳችው ከረጢት የቀረውን ዱቄት በወረቀት ጠቀለለች።

ፀሐይ ሳትገባ ወደ አፈወርቅ ቤት ተመልሳ ሽንት ቤቱን ለመጠቀም አስፈቀደች። ጌታነሽ እጇን አስታጠበቻት።

በማግስቱ ጠዋት መንደሩን በሙሉ መቅጃው ላይ ሰበሰበች። ፈንታን ማዕረግ ደግፎት መጣ፤ ሲያዩት ድንጋይ ያነሱ ነበሩ። ጀሪካን ይዘው የቀደሙት ሴቶች ግን ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ከምንጩ የሚወጣው ውሃ እንደ ቡቃያ አረንጓዴ ሆኗል።

«አትቅዱ» አለች ጽናት። «ቀለሙ አይገድልም፤ አብሮት የመጣው ነው የሚገድለው። ትናንት አመሻሽ ላይ ይህን ቀለም አንድ ጉድጓድ ውስጥ ጨመርኩት። የማን ጉድጓድ እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ስለ ሬሳው።»

ዞር ብላ ዱካውን አሳየቻቸው።

«ታዲዮስ የሞተው እዚህ እናንተ የቆማችሁበት ነው። ገዳዩ ኩሬው ውስጥ ሊከተው ይችል ነበር፤ አልከተተውም። ሣሩን እንኳ መለሰ፣ ደሙ ወደ ውሃው እንዳይወርድ። ማጠጫው ላይም አልጣለውም። ልብስ ከሚታጠብበት በታች ነው የተወው፤ ማንም ከማይጠጣበት። እጁ በደም ተነክሮ ደረጃውን አልረሳም። አቶ ዓምደ ሚካኤል ቢሆን መቅጃው ለምኑ ነው? የታሸገ ነው የሚጠጣው። ፈንታ ቢሆንስ? ካባረራችሁት ሰንብቷል። ይህን ያደረገ ቤተሰቡ ከዚህ የሚጠጣ ሰው ነው።»

«ሁላችንም ከዚህ ነው የምንጠጣው» አለ አንድ ሰው።

«አዎ። ታዲዮስ ግን ዱቄቱን ይዞ የመጣው ወደ አንድ ሰው ነው። ከረጢቱ ሲታገሉ ተቀዷል፤ ዱቄቱ ገዳዩ ላይ ሳይፈስ አይቀርም። ጥቁር የበግ ፀጉር ላይ አቧራ ይመስላል፤ ይራገፋል፣ ግን ተራግፎ አያልቅም።»

ከዓምደ ሚካኤል የተዋሰችውን የታሸገ ውሃ አወጣች። መጀመሪያ በዓምደ ሚካኤል ኮት ላይ አፈሰሰች፤ ምንም የለም። በፈንታ ጋቢ ላይ፤ ምንም የለም። ከዚያ በአፈወርቅ ባና ጫፍ ላይ አፈሰሰች። አረንጓዴው ከፀጉሩ ወጥቶ እግሩ ላይ ተንጠባጠበ።

«የማይሞላ ጉድጓድ የለም፣ አቶ አፈወርቅ» አለች። «ካልሞላ ወደ ሌላ ቦታ ይፈሳል። ቀለሙን የጨመርኩበት፣ ምንጩን የመረዘው የእርስዎ ሽንት ቤት ነው።»

አፈወርቅ የአንዱን ሰው ዱላ ነጥቆ ማዕረግን ግንባሩ ላይ አሳረፈበት። ኮንስታብሉ በጉልበቱ ወደቀ፤ ደሙ ዓይኑን ሸፈነው። ሁለተኛው ምት ለጽናት ነበር፤ ክንዷ ላይ አረፈ። ሰዎች ከኋላ ተጠምጥመው ጣሉት። ወዲያው ትናንት ፈንታ ላይ የወረዱት እጆች አፈወርቅ ላይ ይወርዱ ጀመር፤ አፍንጫው ተሰበረ፣ ጥርሱ ረገፈ። ጽናት መጮኽ እስኪያቅታት ጮኸች።

«ተዉት» አለ ፈንታ። «ትናንት እኔም አልገደልኩም እያልኩ ነበር፤ ማን ሰማኝ? አሁን ተዉት፣ ይናገር።»

እጆቹ አንድ በአንድ ተነሱ። አፈወርቅ መሬት ላይ እንደተኛ ተናገረ።

«ልጅዎን በጎቹ አይደሉም የጎዷት፣ ከጓሮዎ የመጣ ነው አለኝ ባለሙያው። ቀስ ብሎ ነው ያለኝ። ዱቄቱን እንጨምረውና አብረን እንየው አለኝ። እኔ ልጄን ገደልኳት ማለት ነው? ዝም በል አልኩት፤ ዝም አላለም። ዝም እስኪል መታሁት።»

«ሌላ ማንም አይሰማም ነበር» አለች ጽናት። ይህን ባትናገረው ትወድ ነበር። «ታዲዮስ ሪፖርቱ ላይ ስምዎን አላስገባም። ሰውየው ሐዘን ላይ ነው፣ ለብቻው ልንገረውና በራሱ እጅ ይድፈነው ብሎ ለባልደረባው ነግሮ ነው ሰው ሳይነሳ የመጣው።»

አፈወርቅ ፊቱን አፈር ውስጥ ቀበረ። ማዕረግ ግንባሩን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ካቴናውን አሰረበት።

ጌታነሽ ባሏን አላየችውም። ሰዉን ሰንጥቃ ወደ ጽናት መጣች። ከልጇ ቀብር ወዲህ ያልተናገረች ይመስል ድምፅዋ ሻክሯል።

«ልጄን ሲያስቀምጣት ሰውነቷ እንዳይደርቅ ውሃ አብዝተሽ ስጫት ተባልኩ» አለች። «አብዝቼ ሰጠኋት። ከዚህ እየቀዳሁ ሰጠኋት። እምቢ ስትልም አፏን ይዤ ሰጠኋት።»

መልስ እንደሚፈልግ ሰው ጠበቀች። ጽናት በደህናው ክንዷ ይዛ ከመቅጃው አራቀቻት።