የዳኛው አፍንጫ

የወይን ዳኛው ጌርሆልድ ቴለን የሞተው ሁለት መቶ ሰው እያየው ነው። በሞዜል ወንዝ ዳር ያለችው የሪልባኽ መንደር የነጭ ወይን በዓሏን በምታከብርበት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የዓመቱን ምርጥ ወይን ለይቶ፣ ብርጭቆውን እስከ ጠብታው ጨልጦ ተቀመጠ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ላብ አጠመቀው፤ ለሃጩ ተዝረከረከ፤ ከወንበሩ ተንሸራቶ ወደቀ። ሰክሮ መስሏቸው የሳቁ ነበሩ። ሐኪም ሲደርስ ትንፋሹ ተቋርጧል።

ከተመልካቾቹ መካከል የትሪር ከተማ ፖሊስ መርማሪ ሮስቪታ ዳም ነበረች። የመጣችው ሥራዋን ረስታ ሁለት ቀን ወይን ልትጠጣ ነው። ሰዉ ወደ ሬሳው ሲጋፋ እሷ ወደ ጠረጴዛው ሄደች፤ የሟቹን ብርጭቆ በመሐረብ ይዛ አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። እርግጥ ውድድሩ በተካሄደበት ድንኳን በር ላይ እንጉዳይ በነጭ ሽንኩርት የሚጠብሱ ሴቶች አካባቢውን በሽንኩርቱ ሽታ ሞልተውት ነበር፤ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ግን አፍንጫ ይሰነፍጣል። ድሮ ለወይን ተባይ ይረጩት የነበረ፣ ከተከለከለ ብዙ ዓመት የሆነው መርዝ መሆኑን ገመተች፤ ላቦራቶሪውም በማግስቱ ማለዳ አረጋገጠላት። በጠርሙሱ ውስጥ ምንም አልተገኘም። የተመረዘው የጌርሆልድ ብርጭቆ ብቻ ነው።

እጃቸው ወደዚያ ብርጭቆ ሊደርስ የሚችል ሰዎች ሦስት ነበሩ። በዚያው ምሽት ሳይጨልም አንድ በአንድ አነጋገረቻቸው።

የመጀመሪያው ብርጭቆዎቹን የደረደረው ወይን አምራች ቡርክሃርት ዜነር ነው። አንደኛ የወጣውም የሱ ወይን ነበር።

«ይጠሉት ነበር ይባላል» አለችው።

«እጠላው ነበር። አምና በልጆቼ ፊት ወይኔን ቀምሶ ‹ይህ ከወይን ተክል ሳይሆን ከፍየል የወጣ ነው› አለ። ዓመቱን ሙሉ ልጆቼን ‹የፍየል ልጆች› ሲሏቸው ከረሙ።»

«ዛሬ ግን አሞገሰዎት።»

ዜነር ዓይኑ እንባ አቀረረ። «በሃያ ስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። የኮክ ፍሬ ይሸታል፣ ዝናብ የመታው ድንጋይ ይሸታል ሲል ሰምተዋል አይደል? ሞቱ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አልሆነልኝም።»

«መርዝ ሊሰጡት ቢያስቡ በወይን ያደርጉት ነበር?»

«ለጌርሆልድ? የጠርሙስ ቡሽ የሻጋታ ሽታ በሦስት ሜትር ርቀት የሚለይ ሰው እኮ ነው።»

ሁለተኛዋ የጌርሆልድ ባለቤት ሄንሪካ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከተጋቡ ሁለት ዓመት። ከጎኑ ተቀምጣ ውኃ ስታቀርብለት ነበር። ሽቶ ትቀባ እንደሆነ መርማሪዋ ስትጠይቃት በጥያቄው ግራ ተጋባች።

«ተከልክያለሁ። አፍንጫውን ያበላሽበታል። አንዴ እናቴ የላከችልኝን የጽጌረዳ ሳሙና ደብቄ ሦስት ቀን ታጠብኩበት። በአራተኛው ቀን መታጠቢያ ቤት አገኘውና በጥፊ መታኝ።»

«ሦስቱን ቀን ምን አለዎት?»

«ምንም። አንድ ትራስ ላይ ነው የተኛነው፤ ምንም አላለኝም።»

ሦስተኛዋ ታላቅ ወንድሟን ከልጅነት ጀምሮ ስታገለግል የኖረችው የጌርሆልድ እህት ሊዮባ ናት፤ ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። በውድድሩ ወይን የምትቀዳው እሷ ነበረች። መርማሪዋ ከፊት ረድፍ ሆና አይታታለች፦ ከእያንዳንዱ ጠርሙስ ጥቂት ለራሷ ቀድታ ታሸታለች፤ ከዚያ የእጅ ጨርቋን አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ክንዷ ላይ ታደርጋለች። ሊዮባ ብዙ አልተናገረችም። ወንድሟ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከገደላማው የወይን ማሳ ላይ ወድቆ ራሱን ከተፈነከተ ወዲህ ከጎኑ ተለይታ እንደማታውቅ ነገረቻት።

«ወንድምዎ ደግ ሰው ነበር?»

«ዳኛ ነበር» አለች።

እሑድ ረፋዱ ላይ ሦስቱና የመንደሩ የወይን ቀማሾች ማኅበር አባላት በዚያው ድንኳን ተሰበሰቡ። ሮስቪታ ዳም ቆማ ነው የተናገረችው።

«ቀማሽ ወይን አይውጥም፤ አፉን አሟሽቶ ይተፋል። ጌርሆልድ ትናንት አሥራ አንዱን ተፋ። የጨለጠው አንዱን ነው፤ በልማዱ መሠረት አንደኛ ያለውን። ስለዚህ ገዳዩ የትኛው እንደሚያሸንፍ ቀድሞ ያውቅ ነበር። ጠርሙሶቹ በጨርቅ ተጠቅልለው፣ ተራቸው በዕጣ ሲወጣ፣ ይህን ማን ሊያውቅ ይችላል?»

«ከዳኛው በቀር ማንም» አለ ዜነር።

«ልክ ነዎት። ግን ዳኛው ጌርሆልድ አልነበረም።»

ጉርምርምታው እስኪበርድ ጠበቀች። ከዚያ ስለ ሽታው አስረዳች። አፍንጫውን የሚፈራ ሰው ያን የመሰለ ሽታ ያለው መርዝ ሊሰጠው አይደፍርም፤ ዜነር ይፈራው ነበር፤ ሚስቱም ሳሙና እስከ መደበቅ ትፈራው ነበር። ነገር ግን ያ ሰው ሦስት ሌሊት ከጽጌረዳ ሽታ ጋር ተኝቶ አላወቀም፤ ያወቀው ሳሙናውን በዓይኑ ሲያይ ነው።

«ከገደሉ የወደቀ ዕለት ማሽተት አቁሟል። ከዚያ ወዲህ ብርጭቆ ከማንሳቱ በፊት የሚያየው ወይኑን ሳይሆን የእህቱ ጨርቅ በየትኛው ክንዷ ላይ እንደዋለ ነው። ወይዘሮ ሊዮባ፣ የመርዙ ቆርቆሮ ዛሬ ጠዋት ከቤታችሁ መጋዘን ተገኝቷል። ክዳኑ ላይ ያለው የጣት አሻራ የእርስዎ ነው።»

ሊዮባ አልካደችም። ተረጋግታ ነው የነገረቻቸው። ዓርብ ዕለት ወንድሟ ጠርቷት ይህ የመጨረሻ ዳኝነቱ እንደሆነ ነግሯታል። ከእንግዲህ አፍንጫዋ አያስፈልገውም፤ ክፍሏን ለሄንሪካ እናት ስለሚፈልገው በወሩ መጨረሻ ለቃ ትወጣለች።

«አሥራ አንድ ዓመት የፈረድኩት እኔ ነኝ» አለች። «ማኅበሩ ውስጥ አስገባኝ ብዬ ስለምነው፣ ‹ሊዮባ ኮምጣጤና ወይን አትለይም› ብሎ አሳቃችሁ። ሁላችሁም ስቃችኋል።» ማንም ቀና ብሎ አላያትም። «ትናንት መርዙን ቀድቼ ምርጥ ነው ብዬ አመለከትኩት። ብርጭቆው ውስጥ አፍንጫውን ከትቶ ‹ኮክ› አለ።»

ይህን ስትል ፈገግ አለች። ሄንሪካ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ፖሊሶቹ ሊወስዷት ሲነሱ ዜነር መንገዳቸው ላይ ቆመ።

«ሊዮባ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ወይኔን የመረጥሽው... እውነት ጥሩ ሆኖ ነው?»

ሊዮባ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ሁሉም እንደምትጠላው ያውቃል፤ ጥርጣሬው አንተ ላይ እንዲወድቅ ነው። ወይንህን ገና ጠርሙሱ ሲከፈት ከሽታው ለየሁት። ከአሥራ ሁለቱ አሥራ ሁለተኛ ነህ፣ ቡርክሃርት። አምናም መጨረሻ ያልኩህ እኔ ነኝ፤ የፍየሉን ስድብ ብቻ እሱ ጨመረበት።»

ማኅበሩ ሜዳሊያውን ከዜነር አልነጠቀም፤ ፍርዱን የሚያርም አፍንጫ በመንደሩ አልቀረምና። በመኸሩ ጎረቤቶቹ ሁሉ ሲለቅሙ የዜነር ማሳ ሳይነካ ቀረ። ፍሬው እዚያው ተክሉ ላይ ሻገተ።