ሳይገረፍ የሚናገረው አውታር

የሳራን ወንዝ በጠራራ ፀሐይ ቆመ። አልደረቀም፤ ቆመ። ዓሣዎቹም በውሃው ውስጥ ተንጠልጥለው ቀሩ። የዘርማት አገር ሊቃውንት ይህን አይተው ደነገጡ፤ በወንዙ ምንጭ ዋሻ ውስጥ የሚተኛው አውሬ ጉምራ ነቅቷል ማለት ነበርና። በአርባኛው ቀን ውሃው ድንጋይ ይሆናል፤ ሕዝቡም በጥም ያልቃል።

ጉምራን የሚያስተኛው አንድ ዜማ ብቻ ነበር፤ ወፍራሙና ቀጭኑ ድምፅ በአንድ ትንፋሽ የሚሄዱበት። አንዱ ወፍራሙን አንዱ ቀጭኑን ሊያወጡ ሁለት ሁለት ሆነው የሄዱ ደርዳሪዎች አልተመለሱም። በሁለት ልብ መካከል ያለችውን ክፍተት አውሬው ይሰማታል። ከጠፉት አንዱ አባቱ የሆነው ወጣቱ ናርዶም በንግሥት ኤልዛፍ ፊት ቆሞ፣ «በአባቴ አጥንት እምላለሁ፤ ሁለቱንም ድምፅ ብቻዬን አወጣለሁ» አለ።

የግምጃ ቤቱ ጠባቂ አባ ሙሬ ሦስት መሣሪያዎች ደረደሩለት። አንደኛው ወርቅ የተለበጠ፣ አውታሮቹ በባዶ አየር ላይ የተወጠሩ። ሁለተኛው አንገተ ረጅም፣ አውታሮቹ ከእንጨቱ ከፍ ያሉ። ሦስተኛው ጥላሸት የመሰለ ጣውላ፤ አምስት ወፍራምና አምስት ቀጭን አውታር እንጨቱን ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም።

አብራው የምትዘምተው ጦረኛ ሐማል ሦስቱንም በአውራ ጣቷ ገረፈቻቸው። ሁለተኛው እንደ ነጎድጓድ አስተጋባ። ሦስተኛው ተንጫረረ።

«ሁለተኛውን ያዝ» አለች። «ይኼ ጥቁሩ ግን የታመመች ፍየል ነው።»

«አንቺ ሰይፍ የምትመርጪው በሰገባው ነው እንዴ?»

ሐማል ሳቀች። ናርዶም ግን አልገረፈም፤ የሁለቱን እጆቹን ጣቶች በአውታሮቹ ላይ እንደ ዝናብ ጠብታ ጣላቸው። የወርቁ ዝም አለ፤ ከአውታሩ ጀርባ የሚቀበለው እንጨት የለም። በአንገተ ረጅሙ፣ ጣቱ አውታሩን ከእንጨቱ እስኪያደርስ ድምፁ ተዛባ። ጥቁሩን ገና ሲነካው ተናገረ፤ በግራው ወፍራሙ፣ በቀኙ ቀጭኑ። ከጣቶቹ ኋላ የሚያጉረመርመውን ትርፍ ድምፅ ለማፈን በመሣሪያው አንገት ላይ የሱፍ ቁራጭ አሰረበት።

አባ ሙሬ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ የመጣው ሁሉ እየገረፈ ጣለው፣ ልጄ።»

በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ዋሻው ደረሱ። ናርዶም መሣሪያውን በጠፍር ማንገቻ ደረቱ ላይ አንግቶ ጀመረ፤ ሐማል በጋሻዋ ከለለችው። የጉምራ አንድ ዐይን ተከደነ። ሁለተኛው ሊከደን ሲል ግን የእስትንፋሱ ወላፈን ጠፍሩን በላው፤ መሣሪያው ተንሸራተተ። ናርዶም በእጁ ቢደግፈው አንዱ ድምፅ ይቋረጣል።

ሐማል ወገቧ ላይ ያለውን መቀነት ያዘች። በዘርማት የጦረኛዋን ቀይ መቀነት በመሐላዋ ቀን እናቷ ታስርላታለች፤ በጠላት ፊት የፈታችው ዳግመኛ ሰይፍ አትይዝም። የጦር አበጋዝ መሆን የልጅነት ሕልሟ ነበር።

ፈታችው። በናርዶም አንገት አዙራ ከመሣሪያው ጋር ቋጠረችው።

«ጣትህን እንዳታቆም» አለችው።

አላቆመም። ጉምራ ተኛ፤ የሳራን ወንዝም ተነቃንቆ ወረደ።

ንግሥቲቱ በአደባባይ፣ «ሐማል፣ ከዛሬ ጀምሮ የጦር አበጋዜ ነሽ» ብትላት፣ ሐማል ሰይፏን አውጥታ ከንግሥቲቱ እግር ሥር አኖረችው። መቀነቷን እንደፈታችም ተናገረች።

ንግሥቲቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እዚያ ዋሻ ውስጥ ማን አየሽ?» አለቻት።

«እኔ አይቻለሁ፣ ግርማዊት ሆይ።»

በማግስቱ ሐማል ግምጃ ቤት መጥታ ከናርዶም አጠገብ ተቀመጠች። ቀዩ መቀነት አሁንም የመሣሪያው ማንገቻ ነበር።

«ሰይፍ ለለመደ እጅ የትኛው መሣሪያ ይስማማዋል?» አለች።

«ሞክሪያቸዋ።»

አውራ ጣቷን ወደ ወርቁ ዘረጋች፤ ሳትገርፈው ተወችው። ጥቁሩን ስባ እቅፏ ላይ አጋደመችና ዐሥሩንም ጣቶቿን በአውታሮቹ ላይ ጣለች።

«ፍየሏ ድና የለም እንዴ» አለች።