የጥጋብ መስመር

እኩለ ቀን ላይ ትርንጎ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳውን ስትነካ የመንኮራኩሯ ሠላሳ አንድ ተጓዦች በአንድ ጊዜ ራባቸው። ወደ ማርስ ጉዞ ከጀመሩ ሰባት ወራቸው ነው። ምግቡ ተለክቶ የተጫነ ስለሆነ ረሃብም ጥጋብም ተለክቶ ይሰጣል። ይህን የሚሠራው ልጓም የሚሉት፣ ጨጓራ ላይ የተሰፋ ባቄላ የሚያህል መሣሪያ ነው። ባዶ ጨጓራ ወደ አንጎል የሚልከውን ግሬሊን የተባለ የረሃብ ሆርሞን ያነባል፤ ሰውየው ሲበቃው ደግሞ አንጀቱ የጥጋብ ሆርሞን እንዲያመነጭ ያዛል። ትእዛዙ ሲነሳ ረሃብ ይመለሳል።

የትርንጎ ሥራ ልጓሞቹን መጠበቅ ነው። ሁሉም ደህና ናቸው። የዘጠኝ ዓመት ልጇ ብሌን ግን ዛሬም ሦስት ማንኪያ ቀምሳ ሳህኑን ገፋች። ክንዷ ሸምበቆ አክሏል። ትናንት ከአልጋዋ ስትነሳ ወድቃለች።

«ካንሰር ይሆን?» አለች ትርንጎ።

«በስመ አብ በይ!» አሉ ሐኪሙ ጋሽ ደምሰው። «ሁላችንም ከስተናል። የእኔም ሱሪ በገመድ ነው የቆመው።»

«እንግዲያው ውኃው ተመርዟል።»

«መርምሬዋለሁ። አንቺ ደግሞ ሰው ሳይሞት ለቅሶ ትቀመጫለሽ።»

የልጓሞቹን መዝገብ ስታገላብጥ አንድ ነገር ግራ አጋባት። ተጓዦቹ ሁሉ መብላት ሲያቆሙ ግሬሊናቸው ገና አልወረደም። ሆዳቸው እየጮኸ ልጓሙ ያስቆማቸዋል። ደግማ ፈተሸችው፤ መሣሪያው የተማረውን ነው የሚሠራው። ታዲያ ማን አስተማረው?

ከጉዞው በፊት የተቀረጸውን የልኬት ቪዲዮ ከፈተች። ባለሙያዎቹ እያንዳንዱን ተጓዥ ማዕድ ላይ አስቀምጠው በየማንኪያው «ጠገቡ?» ይሉታል፤ አዎ ያለበት ቦታ የጥጋብ መስመሩ ይሆናል። ጋሽ ደምሰው አራት ማንኪያ በልተው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ኧረ በቃኝ፣ ጠግቤያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ!»

«ጋሽዬ! ጠግበው ነበር?» አለች ትርንጎ ወደ ሐኪሙ ዞራ።

«እንዴ፣ ሰው ቤት ሳህን ልላስ? በሞቴ ይሉኛል ብዬ ነዋ።» አንገታቸውን ደፉ። «ማንም አላለኝም።»

ሠላሳ አንዱም እንዲሁ ነበሩ።

ቪዲዮው ላይ የብሌን ተራ ደረሰ። ልጅቷ ማንኪያውን ልሳ ቀና አለች። ጥግ ላይ የቆመችው እናቷ አፍጥጣባታለች። «ጠግቤያለሁ» አለች ልጅቷ።

ትርንጎ ሰሌዳውን ሳበች። የልጇን ልጓም አጠፋች።

«ከሰባት ወር በኋላ አንጎሏ የገዛ ሆዷን ይስማ አይስማ አላውቅም» አሉ ጋሽ ደምሰው።

ከሰዓት በኋላ ሰሌዳው ላይ የብሌን የግሬሊን መስመር ወደ ላይ ወጣ። ምግብ ቀረበ። ብሌን ሦስት ማንኪያ በልታ ሳህኑን ገፋች።

«ጠግቤያለሁ እማዬ።»

መስመሩ አልወረደም።

«በሞቴ፣ ብዪ።»

ልጅቷ የእናቷን ፊት አየች፤ ቀጥላ የሐኪሙን። «ጠግቤያለሁ።»

ልጓሙ ጠፍቷል። ታዲያ አሁን የያዛት ምንድን ነው? ትርንጎ ሰሌዳውን አየች፣ ልጇን አየች፤ የትኛውን እንደምታምን ጠፋት። በመጨረሻ ጋሽ ደምሰውን በእጅጌያቸው ይዛ ወደ ግድግዳው አዞረቻቸው። እሷም ጀርባዋን ለልጇ ሰጥታ ዞረች።

«ምን እያደረግን ነው?»

«ዝም ይበሉ፣ በማርያም።»

ለረጅም ጊዜ ምንም አልተሰማም። ከዚያ ማንኪያ ከሳህን ጋር ተጋጨ። ቆይቶ ደግሞ፤ ከዚያ ቶሎ ቶሎ።

ትርንጎ መዞር አማራት። አልዞረችም።