የንጉሡ ፀጉር አስተካካይ

ወረቀቱ ከእንቁላሎቹ ሥር ነበር።

እንቁላል ሻጯ ኬዚያ ቅርጫቷን ፀጉር ቤቱ ጓዳ ውስጥ አስቀመጠች። «ዶሮዎቼ ዘንድሮ ፊላደልፊያ ድረስ ሄደው ነው የሚጥሉት» አለች።

መለያ ቃሉ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ኤልናታን ፔልሃም መልሱን ያውቃል። «እንግዲያው የሚሰበሩበት ቀን ደርሷል።»

ወረቀቱ የዊግ ሳጥን ውስጥ ገባ። መብረቅ አይቶት ቢሆን በራሱ ዝግመት ባፈረ ነበር።

ወረቀቱ አሥራ ሦስቱ ቅኝ ግዛቶች ከባሕር ማዶው ንጉሥ መለየታቸውን የሚያውጅ ቃል ነው። በዚያ አገር ደግሞ አዋጅ በሕዝብ ፊት ጮክ ተብሎ እስኪነበብ ድረስ ወረቀት ነው። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ካልተነበበ ከተማዋ ሃርትዌል የንጉሡ እንደሆነች ትቀራለች። የንጉሡ መርከቦች ወደቡን ከመሙላታቸው የተነሳ ዓሣው እንኳ መተላለፊያ አጥቶ ነበር።

ከተማው ኤልናታንን «የንጉሡ ቡችላ» ይለዋል። የንጉሡን ሥዕል ከበሩ በላይ ሰቅሏል፣ የንጉሡን መኮንኖች ይላጫል። እየላጨ ያዳምጣል። ለነጻነት የሚታገሉት አርበኞች ድንቢጥ የሚሉት ሰላይ እሱ መሆኑን ከኬዚያ በቀር ከሰማይ በታች የሚያውቅ የለም። አንድ ልጁ ሜሂታበል እንኳ አታውቅም። አስተማሪ ናት። በንጉሡ ሥዕል ሥር አላድርም ብላ ቤቱን ጥላ ከወጣች ከርማለች።

ሳጥኑን የሚወስደው የአርበኞቹ አለቃ ጌዲዮን ሃሎክ ነው። ዊግ ሊገዛ እንደመጣ ሰው ይላጫል፣ ሳጥኑን ይዞ ይወጣል፣ ፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ያነባል። ወረቀቱን ድንቢጥ እዚያ እንደደበቀው ያውቃል፤ ፀጉር አስተካካዩን ግን ከወንበሩ ለይቶ አያየውም።

ጌዲዮን መጣ። ተቀመጠ። አንገቱን ቀና አደረገ።

ኤልናታን ምላጩን ጉሮሮው ላይ አሳርፎ ጎንበስ አለ።

ከጌዲዮን አፍ ሻይ ሸተተው።

ንጉሡ ቀረጥ የጣለበት ሻይ በአፉ ላይዞር አርበኛ ሁሉ ምሏል። ያስማላቸውም ራሱ ጌዲዮን ነበር። በከተማው ሻይ የሚቀዳው አንድ ቤት ብቻ ነው። የንጉሡ ካፒቴን ዌይንራይት ቤት።

«ምነው ቆምክ?» አለ ጌዲዮን።

«ጢምዎ አስቸገረኝ ጌታዬ። የጀግና ጢም ነው።»

ምላጩን አንድ ጊዜ ሳብ ቢያደርገው ያበቃ ነበር። ድንቢጥም አብሮ ያበቃል። ፎጣ ላምጣ ብሎ ጓዳ ገባ። ወረቀቱን ከሳጥኑ አውጥቶ እዚያው ስትጠብቅ በነበረችው በኬዚያ ቅርጫት ውስጥ መለሰው።

«ሃሎክ ከድቶናል። ለሜሂታበል ስጫት። ቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ታንብበው። ሰውን ከነጠመንጃው እዚያ ጥሪ።»

«ከማን ልበላት?»

«ከድንቢጥ።» ፎጣውን አነሳ። «ከዚያ በላይ አንድ ቃል እንዳትጨምሪ።»

እኩለ ቀን ላይ ወታደሮቹ ፍርድ ቤቱን ከበው ባዶ አደባባይ ይጠብቁ ነበር። ጌዲዮን ከፀጉር ቤቱ ይዞት የወጣውን ሳጥን ለካፒቴኑ ከፈተለት። ያረጀ ዊግ ብቻ። በዚያው ቅጽበት የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ጮኸ። ካፒቴኑ ጌዲዮን ያሞኘው መስሎት በሰንሰለት ጠፈረው። የታጠቀውን ሕዝብ ሲያይ ግን ወታደሮቹን ወደ መርከብ መለሰ።

ኤልናታን ሱቁ ውስጥ ፀጉር እየጠረገ የልጁን ድምፅ ሰማ። ባሕሩ ራሱ ጸጥ ብሎ ያዳመጠ መሰለው። ማንበብ ያስተማራት እሱ ነበር፣ ጭኑ ላይ አስቀምጦ።

ከዚያ ሕዝቡ መጣ።

የፊተኛዋ ሜሂታበል ናት። ሥዕሉን ከግድግዳው ነቅላ እግሩ ሥር ወረወረችው።

«ሚስተር ፔልሃም» አለችው። አባባ አላለችውም። «ያነበብኩትን ሰምተዋል። እኔንም ከእርስዎ ጋር ያሰረኝ ሁሉ ዛሬ ተበጥሷል።»

ኤልናታን መጥረጊያውን አስቀመጠ።

«ይህን ቃል ለነፍሱ ሳይሳሳ ያደረሰልን ድንቢጥ የሚባል ሰው ነው። ማን እንደሆነ አላውቅም።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ምነው እሱ አባቴ በሆነ።»

ከኋላዋ ኬዚያ አፏን ከፈተች። ኤልናታን ዓይኑን ብቻ አነሳ። ኬዚያ አፏን ዘጋች።

«ለንጉሡ ረጅም ዕድሜ ይስጠው» አለ ኤልናታን። ድንጋይ ግንባሩን መታው። ማን እንደወረወረው ላለማየት አጎነበሰ።

አመሻሹ ላይ የተባረሩት የንጉሡ ሰዎች በጀልባ ወደ መርከቡ ሲወሰዱ አንድ ደም የነካው ፀጉር አስተካካይ አብሯቸው ነበር። ካፒቴኑ እጁን ያዘው። ከዚህች ከተማ የታመንክ አንተ ብቻ ነህ፣ ከእንግዲህ የምትላጨን እዚህ ነው አለው። በገዛ እጁም ሻይ ቀዳለት።

«ስኳር ልጨምርልህ?»

«ይበቃኛል ጌታዬ» አለ ኤልናታን፣ ጆሮው መኮንኖቹ የሚያወሩት ላይ ሆኖ።

ጠጣው።