ለየኔታ ያልተነገረው ሕመም

በጣና ሐይቅ፣ ደቅ ደሴት ላይ መሪጌታ ጥዑመ ልሳንን የማያውቅ የለም። የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓትና ቀኖና ሲያስተምሩ ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ከጎንደርም ከጎጃምም ተማሪ የሚመጣላቸው ሊቅ ናቸው። አንድያ ልጃቸው ዲያቆን ኪዳነ ወልድ እናቱ በሕፃንነቱ ስለሞተችበት ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ አደገ፤ እንደ ሌሎቹ ተማሪዎች «የኔታ» እንጂ «አባየ» ብሏቸው አያውቅም። አምና የሺአረግን አገባ፤ ከፋሲካ በኋላም ቅስና ሊቀበል ቀን ተቆረጠለት። ምን ጎደለው? ምንም!

ጥምቀት ሰሞን ግን ገላውን ሲታጠብ አንዱ የዘር ፍሬው ላይ ጠጠር የምታህል እብጠት በእጁ ዳሰሰ። ስላላመመችው ናቃት። በዐቢይ ጾም አጋማሽ እንቁላል አከለች፤ ሚስቱም አይታ ደነገጠች።

«ባሕር ዳር እንሂድ፤ ነገ ጀልባ አለ» አለችው።

«ሐኪሞቹ ይቆርጡታል። የተቆረጠ ሰው ደግሞ ስልብ ነው፤ ቅስና አይቀበልም። ለየኔታም ለማንም እንዳትናገሪ! በኪዳነ ምሕረት ማይልኝ!»

እያለቀሰች ማለችለት።

ይህን ነገር ከየት አመጣው? ተማሪዎች በማደሪያቸው ጎጆ ሲቀላለዱ የሰማው ነው። ስለ ዓይኑ ወይም ስለ ጉልበቱ ቢሆን ኖሮ የኔታን በማግሥቱ ይጠይቅ ነበር። ወንድ ልጅ ስለዚያ ቦታ ለአባቱ እንዴት አፉን ይከፍታል? ጠበል ጠጣ፤ የቅስናውን ቀን ብቻ ጠበቀ… ቀኑ ሳይደርስ፣ በሕማማት ስግደት መካከል ደም ተፋና ወደቀ።

ባሕር ዳር ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ መሪጌታን ለብቻቸው ጠርቶ ነገራቸው። ካንሰር ነው፤ ከዘር ፍሬው ተነሥቶ ሳንባውን ሞልቶታል። «በጊዜ የመጡ ሰዎች አንዱ ወጥቶላቸው ብዙውን ጊዜ ይድናሉ፤ በቀረው ልጅም ይወልዳሉ፣ አባ» አላቸው። መድኃኒት ተጀመረለት፤ የደከመው አካሉ ግን አልቻለውም።

መሪጌታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። «ለምን ደበቅኸኝ፣ ልጄ?»

«አፈርሁ፣ የኔታ። ከተቆረጥሁ ቅስናው ይቀርብኛል ብየ ፈራሁ።»

ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ማን እንዲህ አለህ? የሚከለከለውማ በፈቃዱ ራሱን የሰለበ ነው! በሕመም ምክንያት ሐኪም የቆረጠውን ቤተ ክርስቲያን አትከለክለውም። ይህን እኮ የማስተምረው እኔ ነኝ!… አንድ ቃል ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

ኪዳነ ወልድ እጁን ዘርግቶ የአባቱን ነጠላ ያዘ።

«እርስዎን መጠየቅ ይከብዳል፣ አባየ።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ አረፈ። ሬሳው በጀልባ ወደ ደቅ ሲሻገር የሺአረግ ሣጥኑን አቅፋ «ምነው መሐላዬን ባፈረስሁ! ምነው ኃጢአቱ በኔ በሆነ!» እያለች ጮኸች። ማን ያጽናናት? የሚያጽናናውም ያለቅስ ነበር።

ለቀስተኛው «ዕድሉ ነው፤ የተጻፈለት ነው» ይላል። መሪጌታ ግን ይህን አይቀበሉም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ልጃቸውም እየሰማ ነበር ያደገው። ታዲያ ሞትን የሚያስመርጥ ኀፍረት ከማን ተማረ? መልሱን በራሳቸው ላይ ያገኙት ይመስላል፤ ለልጃቸው ግን ዘገየ። አሁን ሲያስተምሩ ስለ ስልብ የሚናገረው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ያቆሙና፣ «ከእናንተ መካከል እዚያ ቦታ ላይ እብጠት ያለበት አለ? ይንገረኝ» ይላሉ። ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ይስቃሉ። መሪጌታ አይቆጡም። ስቀው እስኪጨርሱ ይጠብቁና እንደገና ይጠይቃሉ።