መስመሩ ሀዋሌ ሲደርስ

ካቦ አምሃ ሐዲድ የሚመረምረው በጆሮው ነው። ፀሐይ ሳትከር ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ፣ ረጅም እጀታ ያለውን መዶሻውን ይዞ በመስመሩ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ሐዲዱን የተሸከሙትን አግዳሚ ብረቶች አንድ በአንድ መታ እያደረገ የሚመልሱለትን ድምፅ ያዳምጣል። ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ያጉረመርማል፤ ከሥሩ ጠጠር የሸሸበት ደግሞ እንደ ባዶ በርሜል ያስተጋባል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች «እኔን የነፈግከኝን ወሬ ከብረት ጋር ታወራዋለህ» እያለች ትስቅበት ነበር። እውነቷን ነው፣ ሰው አይሆንለትም።

ከጡረታ የጠራው የጥንት ባቡሮች ማኅበር ነው። ማኅበሩ አሮጌ ፉርጎዎችን ጠጋግኖና ቀለም ቀብቶ አገር ጎብኚ ያመላልሳል። መንገዱ አጭር ነበርና ባቡር ከረሳው ብዙ ዘመን ወደሆነው ሀዋሌ ጣቢያ ድረስ ይራዘም ተባለ። ሐዲዱ በአብዛኛው በቦታው ነበር፤ አግዳሚ ብረቱ ግን የቤት ማገር፣ የፍየል በረት፣ የሱቅ ደፍ ሆኖ ቀርቷል። ለእንዲህ ዓይነቱ ጠባብ መስመር የሚሆን ብረት የሚሠራ ፋብሪካም አልተገኘም። አምሃ ለምኖም ገዝቶም ሰበሰበ፤ ከሀዋሌ በፊት ያለው አጭር ዋሻ ላይ ሲደርስ አለቀበት። የቀረው ከጣቢያው ጀርባ፣ መቃብር ላይ የተጋደመው ብቻ ነበር።

መቃብሮቹ ትንንሾች ናቸው። አንድ ዘመን ኩፍኝ ገብቶ የሠራተኞቹን ልጆች ሲጨርስ፣ አባቶች ጅብ እንዳይቆፍርባቸው ከመጋዘን ብረት አውጥተው በየልጆቻቸው ላይ አጋደሙ። ይህን የነገሩት እትዬ ሽታዬ ናቸው። የመስመር ጠባቂ ሚስት ነበሩ፤ ባላቸው ሞቶ፣ ጣቢያው ተዘግቶ፣ ሰው ሁሉ ሲሄድ እሳቸው ብቻ በቲኬት መቁረጫው ክፍል ቀሩ።

«እትዬ ሽታዬ፣ በብረቱ ፈንታ ሲሚንቶ አስደርግላቸዋለሁ፤ እንዲያውም ያምራል» አላቸው አምሃ።

አሮጊቷ ብዙ አልተከራከሩም። «የሌሎቹን እናቶቻቸው ይጠይቁህ። የኔን ልጅ ግን ተዋት፤ ብርድ አትወድም» አሉ።

«የእርስዎን አልነካም።»

«በማን ትምልልኛለህ?»

«በልጅ ልጄ። በሜላት።»

ብረቱ ተነሣ፣ ተነጠፈ። ከዋሻው መሃል ላይ ግን አንድ ጎደለ። የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ኤርምያስ በስልክ «ካቦ፣ እንግዶቹ ተጠርተዋል፤ ባንድ ብረት ልታዋርደኝ ነው?» አለው። አምሃ እትዬ ሽታዬ ውሃ ሊቀዱ ጄሪካን አዝለው እስኪሄዱ ጠበቀ። ሠራተኞቹንም ምሳ ብሉ ብሎ አራቃቸው። ብረቱን ለብቻው በዲጂኖ ፈነቀለው። ዝናብ በማያውቀው አገር ከሥሩ ያለው አፈር እርጥብ ነበር፤ መሃሉም ሰው ተኝቶበት እንደተነሣ አልጋ ተሰርጉዷል። አምሃ ዓይኑን መለሰና ብረቱን ወደ ዋሻው ጎተተው።

እትዬ ሽታዬ ሲመለሱ ጄሪካናቸውን አስቀምጠው ባዶውን ቦታ አዩ። ይጮኻሉ፣ ይረግሙኛል ብሎ ሲጠብቅ «የት ነው ያደረግካት?» ብቻ አሉ።

«ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሏል… አላውቅም» አለ። እያወቀ ዋሸ። ሲሚንቶውም አልመጣም፤ ዛሬ ነገ ሲባል ቀረ። ከዚያ ወዲህ አምሃ በጣቢያው በኩል ሲያልፍ አንገቱን ይደፋል። እንጀራ ይዞ ከአፉ ሳያደርሰው የሚያስቀምጥበት ጊዜ በዛ። ለመናዘዝ አስቦ፣ ለቄሱ ምን ብሎ እንደሚጀምር ጠፋው።

ብረቶቹን ሲሞክር ዋሻው ውስጥ ያለችውን በመጨረሻ መታት። ጥርት ብላ ጮኸች። ድምፁ ከሞተ በኋላ፣ እሱ መዶሻውን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሞ ሳለ፣ ከሥር ቀስ ያለ አንድ ምት ተመለሰ። የገደል ማሚቶ ነው ብሎ ራሱን አሳመነ። በማግስቱ በብረቷ ዙሪያ ያለው ጠጠር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተገፍቶ አገኘው። መልሶ ጠቀጠቀው፤ በማግስቱ ያው ሆነ። ለማንም አልተናገረም፤ ቢናገር ብረቷ ከየት መጣች ሊባል ነው።

ባዶ ባቡር ለሙከራ ሲነዳ ሾፌሩ ዋቅጅራ ፊቱን አጨፍግጎ ወረደ። «ካቦ፣ ከዋሻው ስወጣ ሰው የጫንኩ ያህል ይከብደኛል። መስመሩ ዳገት አለው እንዴ?» አለ። ዳገት የለውም። አምሃ ፉርጎው ውስጥ ሲገባ የረጠበ አፈርና የዛገ ብረት ሽታ ተቀበለው፤ በመስኮቱ መስታወት ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ ከወንበሩ ከፍታ ብዙም ያላለፉ የእጅ መዳፎች ታትመዋል። በኮቱ እጅጌ ጠረጋቸው።

የምረቃው ቀን ሜላትን ሊያስቀራት አሰበ። እናቷ ጅቡቲ ሰው ቤት ልትሠራ ስትሄድ እሱ ዘንድ የተወቻት፣ ስድስት ዓመት የሆናት፣ ወሬዋ የማያልቅ ልጅ ናት፤ ቤቱ ሰው ያለበት የሚመስለው በእሷ ነው። ባቡር ላይ አሳፍርሻለሁ ብሎ ቃል ገብቶላት ነበርና ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ ከነጋ ጀምሮ በር ላይ ቆማለች። አንዱን ቃሉን በልቷል። ሁለተኛውን ለመብላት አቅም አጣ።

ሲሄዱ ምንም አልሆነም። ዋሻው ውስጥ ጨለማው ሲውጣቸው እንግዶቹ እንደ ልጅ ጮኹ፣ ሜላትም ጮኸች፣ ብርሃን መጣ። ሀዋሌ ላይ ንግግር ተደረገ፣ ለስላሳ ተከፈተ፣ አቶ ኤርምያስ አምሃን ጀርባውን መታ መታ አድርጎ አመሰገነው። ምስጋናው እንደ እሾህ ወጋው። እትዬ ሽታዬ ንጹሕ ነጠላ ለብሰው መጥተው ጉንጩን ሳሙት፤ ከዚያ ሜላትን ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ስድስት።»

«የኔም ስድስት ነበረች» አሉ።

አምሃ ከዚያ ወዲያ አልቻለም። «እትዬ ሽታዬ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ብረቷ ዋሻው ውስጥ ናት። መሃል ላይ። ነገ አወጣታለሁ፤ በገዛ እጄ መልሼ አለብሳታለሁ» አለ፤ እንባው መጣ።

አሮጊቷ እጁን ያዙት። እጃቸው ደረቅና ሞቃት ነበር። «አውቃለሁ ልጄ። ነፋስ ሲቆም ስታንኳኳ እሰማታለሁ። እኔ ገብቼ እንዳላወጣት ጉልበቴ ከዳኝ። እሷ ደግሞ መቼም የተነሣ ልጅ መልሶ አይተኛም፤ ወደ ቤት የሚወስዳት ሰው ነው የምትፈልገው» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለው ነበር።

ሲመለሱ ሜላትን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በሁለት ክንዱ አቀፋት። እሷ ስላየቻት ቀንድ የሌላት ፍየል እያወራች ነበር። ዋሻው ገባ። ጨለማው ውስጥ እንግዶቹ እንደገና ጮኹ፣ ሳቁ፤ የናፍጣው ሽታ፣ የቀለሙ ሽታ፣ የሰዉ ላብ ሁሉ ጠፋና የእርጥብ አፈር ሽታ ብቻ ቀረ። መንኮራኩሩ አንዲት ቦታ ላይ ጥርት ያለ ድምፅ አሰማ። አምሃ ድምፁን አወቀው። የፍየሏ ወሬ መሃል ላይ ተቋረጠ፤ ጭኑ ላይ ያለው ክብደት አንዴ ቀለለ፣ ወዲያው ተመለሰ። እጁን አላላም። ለአፍታም አላላም።

ብርሃን ሲመጣ እዚያው ነበረች፤ ቢጫ ቀሚሷ፣ የጠጉሯ ሹሩባ፣ የጉንጯ ጠባሳ ሁሉ በቦታው። አምሃ «ተመስገን» ብሎ ግንባሯን ሳማት። ግንባሯ ቀዝቃዛ ነበር።

ያኔ ከኋላ፣ እየራቀ ከሚሄደው የዋሻው አፍ፣ «አባባ! አባባ!» የሚል የልጅ ጩኸትና ብረት የሚደበድብ የትንሽ እጅ ድምፅ ተሰማው። ዘሎ ሊነሣ፣ ባቡሩን አስቁሙ ብሎ ሊጮኽ አፉን ከፈተ። ጭኑ ላይ ያለችው ልጅ በቀዝቃዛ መዳፏ አፉን ቀስ ብላ ከደነችው።

«አያስቁሙት፣ ካቦ» አለችው በጨዋ ልጅ ድምፅ፤ «አሁን ተራው የእሷ ነው።»