አሥራ ሁለት ባለቤቶች፣ አንድ ሌንስ

ሌስተር ፕራውት ከብሩኒ ደሴት ገደል ሥር ሞቶ ሲገኝ፣ ካሜራው ከላይ በመቆሚያው ላይ እንደተተከለ ወደ ባሕሩ ዞሮ ነበር። ከሆባርት ከተማ መጥታ በመጀመሪያው ጀልባ የተሻገረችው መርማሪ ሳጅን ሌኦኒ ታክዌል ሬሳውን አይታ ሽቅብ ወጣች። ያገኘችው ሰው ሁሉ «አንሸራቶት ነው» ብሏታል።

የካሜራው ሌንስ ሰፊ አካባቢን በአንዴ የሚይዝ፣ ጥራቱ ግን ቀለበቱን በእጅ በማዞር ብቻ የሚስተካከል አሮጌ ዕቃ ነው። በላዩ የተጻፉት ቁጥሮች በጣት መነካካት ብዛት ተፍቀው ጠፍተዋል።

«አሻራ የለበትም» አላት የአሻራ ባለሙያው።

«የሟቹስ?»

«የሱም የለም። ተወልውሏል።»

«ጓንት ሳያደርግ ነው የሞተው። ከገደል የወደቀ ሰው ተመልሶ ሌንሱን አይወለውልም» አለች።

ካሜራውን ከፍታ አየችበት። ባሕሩ የለም፤ ጉም ብቻ። ቀለበቱ እስከ መጨረሻው የዞረው አንድ ክንድ እንኳ ለማይርቅ ነገር ነው። ባሕር ሊያነሣ የመጣ ሰው ለአፍንጫው ሥር ያስተካክላል?

ሌስተርና የፎቶ ክበብ ጓደኞቹ ፎቶ ለማንሣት መጥተው በተከራዩት ቤት፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ የቀሩት ሦስቱ አባላት ዐይን ለዐይን አይተያዩም። ቧንቧ ሠራተኛው ራስል ታፕ ሳትጠይቀው ጀመረ።

«ጠልቼዋለሁ፤ አልደብቅሽም። እሱንም፣ ሌንሱንም! የክበቡ መጽሔት አዘጋጅ ነውና ይህ ዓይነት ሌንስ ያላችሁ ሁሉ አስተያየት ስጡኝ አለ፤ ሰጠነው። እኔ የጻፍኩት ሥር ምን ብሎ ቢጨምርበት ጥሩ ነው? ‹ጥፋቱ የሌንሱ ሳይሆን የእጁ ነው።›»

«እውነቱን ነዋ» አለች ብሮንዊን ኪፍ። ነርስ ናት፤ የራሷን ሌንስ የወረሰችው ከሁለት ዓመት በፊት ከሞተችው እህቷ ከኢዲት ነው።

«አንቺ ደግሞ ማን ጠየቀሽ?»

«ሌስተርን ትወጂው ነበር?» አለቻት ሌኦኒ።

«እኔ? እህቴን በቁሟ ‹ፎቶ ሳይሆን ሹራብ ሥሪ› ያላትን ሰው? ቀብሩም ላይ አልቆምም።»

የክበቡ ሊቀ መንበር ኔቪል ሆስኪን ጉሮሮውን ጠረገ። ባለፈው ዓመት በማዕበል ፎቶው ትልቁን ሽልማት የወሰደ ሰው ነው፤ በዚሁ ዓይነት ሌንስ አነሣሁት ይላል።

«ልጄ፣ የጓደኛሞች ንትርክ ነው፤ ልብ አትበዪው። ሌስተር ጠርዝ ላይ መቆም ይወድ ነበር። እኔ ካሜራው ዘንድ ድርሽ አላልኩም።»

«ሳጅን ይበሉኝ» አለችና የሟቹን ቦርሳ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ውስጡ የአሥራ ሁለት ባለቤቶች አስተያየት ነበረበት። አንዷ «እስክሞት አልሸጠውም» ትላለች። አንዱ «በነፃ ቢሰጡኝም አልወስድም» ይላል። ራስል፣ «ቀለበቱ እንደ ሰው ሌንስ አይዞርም፤ ለሩቅ ወደ ቀኝ ነው፣ የሰይጣን ሥራ!» ብሏል። ሌኦኒ ሁሉንም ሁለቴ አነበበች። በአሥራ ሁለተኛው ላይ ግን እንዲህ የሚል ተጽፏል፦ «አምስት ዓመት ከእጄ አልተለየም። ቀለበቱ እንደ ማንኛውም ሌንስ ወደ ግራ ሸርተት ይልና ሩቁን ያመጣል።» ፊርማው የኔቪል ነው። ሌስተር ከሥሩ በእርሳስ አንድ ቃል ጽፏል፦ «ኢዲት?»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም በመስኮቱ ፊት ሰበሰበቻቸው። ምስሉን እንዳያዩበት ካሜራውን እንደተዘጋ ለብሮንዊን አቀበለቻት።

«ለዚያ ለመብራት ማማው አስተካክዪልኝ።»

ብሮንዊን ዐይኗን ከሳጅኗ ሳትነቅል ቀለበቱን ወደ ቀኝ አዞረችው። ሌኦኒ መልሳ መካከል ላይ አደረገችውና ለራስል ሰጠችው፤ እሱም እየተራገመ ወደ ቀኝ አዞረ። ኔቪል በተራው ካሜራውን በክብር ተቀብሎ ወደ ግራ አዞረ፤ እስኪቆም ድረስ።

ራስል ሳቁ አመለጠው። «አምስት ዓመት ከእጁ ያልተለየው!»

«ጠዋትም እንዲሁ ነው ያዞሩት» አለች ሌኦኒ። «ሌስተር አንብቦ የገባው ይህ ነው። ይህን ሌንስ አንድ ቀን የያዘ ሰው የማይሳሳተውን ተሳስተዋል። ስለዚህ የማዕበሉን ፎቶ እርስዎ አላነሡትም። ማን አነሣው? ኢዲትም ይህ ሌንስ ነበራት፤ ሌስተር ‹ኢዲት?› ብሎ ጠየቀ፤ ወረቀቱ ላይም፣ ገደሉ ላይም። ገፈተሩት። ከዚያ ባሕር ሲያነሣ የወደቀ እንዲመስል ካሜራውን ወደ ባሕር አዞሩ፣ ቀለበቱን ለሩቅ ያስተካከሉ መስሎዎት ወለወሉት።»

«መ... መስሎኝ...» ኔቪል ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «ፊት ለፊት ሳቀብኝ! ‹በሚቀጥለው እትም አወጣሃለሁ፤ አንድ ገጽ ሙሉ› አለኝ። ሰው ሁሉ ሰላም የሚለኝ በዚያ ፎቶ ነው። ሌላ ምን አለኝ?»

«እህቴ ስትታመም ኮምፒውተሯን ልጠግንላት ብለህ ወሰድክ» አለች ብሮንዊን ቀስ ብላ። «ሾርባ እንኳን አብልቼሃለሁ።»

«እሷ እኮ ለማንም አታሳየውም ነበር! እዚያው ይበሰብስ ነበር!»

ብሮንዊን አልመታችውም፤ አላለቀሰችም። ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ኮቷን ለበሰች።

«ሳጅን፣ ፎቶው የከተማው አዳራሽ ነው የተሰቀለው። የሱ ስም በናስ ተቀርጾ ከሥሩ አለ።»

«ነገ ደብዳቤ እጽፍላቸዋለሁ።»

«ነገ አይሆንም» አለች ብሮንዊን። ወደ ራስል ዞረች። «አንተ ቧንቧ ሠሪ፣ መፍቻ ይዘሃል?»

ራስል መሣሪያ ሳጥኑን አነሣ። እስከ ጀልባው ድረስ ሲነታረኩ ይሰማ ነበር።